የአሳዳጊ አክስቴ ልጅ በስሜ ተበድሯል፤ ላመልክት ወይስ ልሸከመው?

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቅር። 38 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል።

ስድስት ዓመት አጠራቅመን ባለፈው ወር የቤት ብድር ጠየቅን። የብድር ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ወደኔ አዞረችና “እነዚህ ሦስቱ ያንቺ ናቸው?” አለችኝ። ሁለት ክሬዲት ካርድና አንድ የግል ብድር። ድምሩ 14,300 ዶላር። አንዱ ካርድ ለአራት ወር አልተከፈለም። አንዱንም አላውቀውም። አድራሻውን ሳየው ግን እጄ ቀዘቀዘ። የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የተከራየው አፓርትመንት ነው።

ልጁ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል። ዘጠኝ ወር እኛ ሳሎን ተኝቷል። ሶሻሉን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን) ያስወጣሁለት፣ ሥራ ያስገባሁት፣ ስልኩን በኔ የቤተሰብ ፕላን ላይ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። የሁላችንም ወረቀት፣ የልጆቼ ሶሻል ጭምር፣ ኩሽና ውስጥ ከሳህኖቹ በላይ ባለው ካቢኔት በአንድ ሰማያዊ ፎልደር ነው የሚቀመጠው። ስንት ጊዜ እሱ ራሱ አውርዶ አቀብሎኛል።

አሁን ከባዱን ልንገርዎት። እናቴ የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ያሳደገችኝ የዚህ ልጅ እናት ናት። ወደዚህ ስመጣ የጎደለውን የቲኬት ብር የሞላችልኝ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ ነው።

ነገሩን ለአንድ ትልቅ ዘመዳችን ነገርኳቸው። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነው ደወሉልኝ። “ልጅ ነው፣ ተሳስቷል። በወር 300 ዶላር እየሰጠሽ ይጨርሳል። መንግሥት ጋ እንዳትሄጂ። ግሪን ካርዱን ያጣል፣ አክስትሽም ትሞትብሻለች። ያሳደገችሽን እንዲህ ነው የምትከፍያት?” አሉኝ። እሱ ራሱ እስከ ዛሬ አልደወለልኝም። ባለቤቴ ደግሞ “ዛሬ ነገ ሳትዪ ፖሊስ ጥሪ” ይላል። እኔ ካልጠራሁ እሱ ሊጠራ ነው።

እሁድ ዕለት አክስቴ ደወለች። ምንም አልሰማችም። እንደ ልማዷ መርቃ መርቃ ስልኩን ዘጋች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ላመልክት ወይስ ዝም ብዬ ልሸከመው? ከእንግዲህስ ራሴንና ልጆቼን እንዴት ልጠብቅ?

እንቅልፍ ያጣሁት

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ያለችው ያቺ ውሃዋ የተከፈተ ሽንት ቤት ናት። ልጆችሽ እንዳይሰሙ ነው አይደል?

ስለ አክስትሽ ጽፈሻል። ስለ ሽማግሌዎቹ ጽፈሻል። ባለቤትሽ እንደተናደደም ጽፈሻል። ስለራስሽ ንዴት ግን አንዲት መስመር የለችም። ስድስት ዓመት ሌሊት ሠርተሽ ልትገቢበት የነበረው ቤት ነው በር ላይ ሲደርስ የቆመው። አልተናደድሽም? ወይስ መናደድ አክስትሽን መካድ መሰለሽ? መልሱን ለኔ መንገር የለብሽም። ለራስሽ ግን መልሺው፤ ይህን ነገር ዝም ብለሽ ከተሸከምሽው ያ ንዴት የትም አይሄድምና።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልለው አሸክመውሻል። አንዱ ውለታ ነው፣ ሌላው ዕዳ። ውለታው የአክስትሽ ነው፤ እውነተኛም ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ተቀብላ አሳድጋለች፣ ወርቋን ሸጣለች። ያንን ስትመልሺ ነው የኖርሽው፤ ልጇን ዘጠኝ ወር ሳሎንሽ ውስጥ ማኖርም መመለስ ነው። 14,300 ዶላሩ ግን የባንክ ዕዳ ነው። አክስትሽ አላበደረችሽም፣ አንቺም አልተበደርሽም። “ያሳደገችሽን እንዲህ ነው የምትከፍያት?” የሚለው ጥያቄ የሚያሳምመው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ነው።

ሽማግሌዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ሽምግልና ስንት ቤት እንዳቆመ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ሰውና ሰው ያስታርቃል እንጂ ሰውና ባንክ አያስታርቅም። ባንኩ ስለ አክስትሽ ወርቅ አያውቅም። የሚያውቀው ስምሽን፣ ሶሻልሽንና ቀኑን ነው።

ስለዚህ ነገሩን እንለያየው። ማንንም የማይከስ፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ሥራ አለ። እሱ ዛሬ ይሠራ። ከባዱን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

አሜሪካ ውስጥ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። አንድ ሰው በስምሽ ካርድ ወይም ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው ብዙውን ጊዜ ከነዚህ ካንዱ ፋይልሽን አስከፍቶ ያያል። “ክሬዲት ፍሪዝ” ማስደረግ ማለት ያንን ፋይል ማስቆለፍ ነው። ፋይሉን ማየት ያልቻለ አበዳሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ብድር ለመስጠት አይደፍርም፤ ጠያቂው ሶሻልሽን በቃሉ ቢያውቀው እንኳን። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቅሽ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መቆለፍ አለባቸው። ስታስከፍቺው ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ያሉሽ ካርዶች እንደ ወትሮው ይሠራሉ፣ የክሬዲት ነጥብሽም አይቀንስም። የቤት ብድሩ ጊዜ ሲመጣ የትኛውን ኩባንያ እንደሚያዩ የብድር ሠራተኛዋን ጠይቂና ለጥቂት ቀን ብቻ ታስከፍቺዋለሽ።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ፍሪዙ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው፤ አንዱ ለሌላው አያስተላልፍልሽም። ደግሞም ድረ ገጻቸው ላይ ስትገቢ በየወሩ የሚከፈልበት ሌላ አገልግሎት ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ። አንቺ የምትፈልጊው ነፃውን ነው።

ልጆችሽስ? ያ ሰማያዊ ፎልደር የነሱንም ይዟል። የልጅ ሶሻል ለሌባ የሚጥመው ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ስለሌለ ነው። ልጁ 18 ሞልቶት ለኮሌጅ ብድር ሲጠይቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ እናንተ ወላጆች ልታስቆልፉላቸው ትችላላችሁ፤ ይሄም ነፃ ነው። የልደት ወረቀታቸው፣ ሶሻላቸውና የናንተ መታወቂያ ኮፒ ተደርጎ በፖስታ ይላካል። ፋይል ከሌላቸው ይከፈትላቸውና ይቆለፋል። ይህን ሥራ ለባለቤትሽ ስጪው። ስድስት ፖስታ ነው፤ ለሁለት ልጅ ሦስት ሦስት። ንዴቱ የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ አንቺም ብቻሽን አትሆኚም።

ቀጥሎ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብተሽ የሦስቱንም ሪፖርት አውጪ። በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። የብድር ሠራተኛዋ ሦስት ዕዳ አሳየችሽ ማለት ሦስት ብቻ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ አበዳሪ ለአንዱ ኩባንያ ብቻ ነው የሚያሳውቀው። ወረቀቱን አትሚውና እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። ዕዳዎቹን ብቻ አትዪ። የማታውቂው አድራሻ አለ? የማታውቂው ስልክ ቁጥር? አመልክተሽ የማታውቂበት አበዳሪ ፋይልሽን ያየበት ቀን? ሁሉንም አክብቢ። የስልኩን ፕላን ግን ከዚህ ለዪው። እሱን ወድደሽ ፈቅደሽ ነው ያስገባሽው፤ ተጭበረበርኩ ብለሽ እንዳታመለክቺበት። ካልፈለግሽ ታስወጪዋለሽ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እግረ መንገድሽን አይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ “አይፒ ፒን” የሚባለውን ውሰጂ። በየዓመቱ የሚቀየር ስድስት አሃዝ ቁጥር ነው። አንዴ ከወሰድሽው ያለ እሱ በሶሻልሽ በኢንተርኔት የሚገባ ታክስ ውድቅ ይሆናል። ባለቤትሽም የራሱን ይውሰድ።

አሁን ወደ ከባዱ።

የማንነት ስርቆት የደረሰበት ሰው የሚያመለክትበት አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። የሚያስተዳድረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው ነው። በስልክም ይቻላል፤ ቁጥሩ 1-877-438-4338 ነው። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሽማግሌዎቹ “መንግሥት ጋ እንዳትሄጂ” ሲሉ ይሄንንና ፖሊስ ጣቢያን አንድ አድርገው ይመስለኛል። አንድ አይደሉም። ኤፍቲሲ ሰው አያስርም፣ በወንጀልም አይከስም። የምትሞዪው ነገር ግን የሕግ አስከባሪዎች ሊያዩት የሚችሉት መዝገብ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳታውቂ እንድትገቢበት አልፈልግም።

ቅጹ ላይ “ማን እንዳደረገው ታውቂያለሽ?” የሚል ጥያቄ ታገኛለሽ። እዚያ ላይ እጅሽ እንደሚቆም አውቃለሁ። እሱን ለማዳን ብለሽ “አላውቅም” አትበዪ። የምትፈርሚው እውነት ነው ብለሽ ነው፤ ውሸት ከሆነ ጥፋቱ ወዳንቺ ይዞራል። ያላየሽውንም እንዳየሽ አትጻፊ። የምታውቂውን ብቻ፦ ዕዳዎቹን አልከፈትኩም፣ አልፈቀድኩም፣ አድራሻው ዘመዴ ከሌሎች ጋር የሚኖርበት ነው። በቃ።

ያ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ብዙ ነገር ይቀየራል። ሪፖርቱን፣ የመታወቂያሽን ኮፒና የትኞቹ ያንቺ እንዳልሆኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ስትልኪ ሦስቱ ኩባንያዎች በአራት የሥራ ቀን ውስጥ እነዚያን ዕዳዎች ከፋይልሽ ማገድ አለባቸው። ሰባት ዓመት የሚቆይ ማስጠንቀቂያም ፋይልሽ ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ መብት ነው። ባንኮቹን በጽሑፍ ጠይቀሽ በስምሽ የተሞላውን ማመልከቻና የግብይቱን መዝገብ ኮፒ መውሰድ ትችያለሽ። በ30 ቀን ውስጥ በነፃ መስጠት አለባቸው፤ የፖሊስ ሪፖርትም አብሮ እንዲቀርብ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ለምን እንደወደድኩት ልንገርሽ። እስካሁን ያለሽ ማስረጃ አንድ አድራሻ ነው። እዚያ ቤት ስንት ሰው ይኖራል? የፖስታ ሳጥኑን ማን ማን ይከፍታል? ሽማግሌዎቹ “ተሳስቷል” ሲሉ እሱ “አዎ፣ እኔ ነኝ” ብሏቸው ነው ወይስ እነሱ እንደዚያ ገምተው? ደብዳቤሽ ላይ ይሄ የለም። ማመልከቻው ላይ ግን ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ይኖራል። ያ ቁጥር አንቺ በየወሩ ከምትከፍይው ፕላን ላይ ያለው የሱ ቁጥር ከሆነ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ካልሆነ ደግሞ አንድ ንፁህ ልጅ በእህቱ ፊት ሌባ ሆኖ ከመቅረት ይተርፋል።

አሁን የሽማግሌዎቹን ሐሳብ በቁጥር እንየው። በወር 300 ዶላር። ወለድ ባይኖር እንኳ 14,300ው ለመጨረስ አራት ዓመት ይፈጃል። ወለዱ በዓመት 20 በመቶ ነው እንበል፤ ክሬዲት ካርድ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 238 ዶላር ይመጣል። ከሚሰጥሽ 300 ውስጥ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 62 ዶላር ነው። ይህ እንግዲህ በየወሩ ሳያጓድል ከሰጠሽ ነው። ሳይሰጥሽ የቀረ ወር ምን ታደርጊያለሽ? አክስትሽ ጋ ትደውያለሽ? ያልተከፈለባቸው ወራት ደግሞ ፋይልሽ ላይ ሰባት ዓመት ሊታዩ ይችላሉ። ከዚህም የሚከፋው፣ ዕዳውን እንደራስሽ አድርገሽ መክፈል ከጀመርሽ በኋላ “የኔ አይደለም” ብትዪ የሚሰማሽ ያንሳል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። የባንኮቹ ደብዳቤ የሚሄደው ያ አፓርትመንት ነው። ነገሩ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ኩባንያ ሲተላለፍ ማስታወቂያው የሚደርሰው እዚያው ነው። በ30 ቀን ውስጥ “የኔ አይደለም” ብሎ በጽሑፍ ለሚመልስ ሰው ሕጉ ጥሩ ከለላ ይሰጣል። አንቺ ግን ደብዳቤውን ሳታዪው ቀኑ ያልቃል። ፍርድ ቤት ቢከሱሽ መጥሪያው ራሱ እዚያው ቤት በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሽማግሌዎቹ ጊዜ ያለሽ መስሏቸዋል። ጊዜው የሚቆጠረው ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ፦ ለኤፍቲሲ አመልክቺ። ይህን ዕዳ አትሸከሚው።

ፖሊስን በተመለከተ ግን ባለቤትሽ ለአንድ ሳምንት ይታገስ። የሽማግሌዎቹ ፍርሃት ባዶ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በማጭበርበር ወንጀል ከተፈረደበት የመኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነገሩ አንዴ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ እጅ ከገባ “ይቅር ብዬዋለሁ” ብትዪም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ከጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጪ። በአካባቢሽ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነፃ የሚሠራ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ የሚባል ድርጅት አለ፤ ገቢያችሁ ካለፈ ወደ ሌላ እንዲመሩሽ ጠይቂ። የፖሊስ ሪፖርት በእርግጥ ያስፈልግሽ እንደሆነና ምን እንደሚያስከትል ሳትጣደፊ ጠይቂያቸው። እሱም የራሱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይፈልግ። ያንቺ ጠበቃ የሱ ሊሆን አይችልም።

ከማመልከትሽ በፊት ለሱ ብትነግሪው ደስ ይለኛል። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ካንቺ እንዲሰማው ነው። ፍሪዙ ሦስቱም ጋ ካለቀ በኋላ ብቻ ግን። ሦስቱን ሽማግሌዎች አትሰብስቢ፤ ሸንጎ ፊት እውነት የሚናገር ወጣት ጥቂት ነው። የምታምኛቸውን አንድ ሰው ብቻ ይዘሽ ፀጥ ያለ ካፌ ውስጥ ተገናኙ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦

“በስሜ የተከፈቱትን አይቻለሁ። አንተ ከሆንክ ካንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ካልሆንክ ደግሞ ደብዳቤው ቤትህ ለምን እንደሚመጣ አብረን እንፈልግ። እኔ ሰኞ አመለክታለሁ። ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልጽፍም። ጠበቃ መፈለግ ከፈለግህ እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ።”

ከዚያ ዝም በዪ። ይናገር። ካመነ ገንዘቡ የት እንደሄደ ጠይቂው። ቁማር ነው? አገር ቤት የላከው ነው? የመጣበትን ዕዳ እየከፈለ ነው? የሱን ጭንቀት ማወቅ ይቅር ለማለት ላይበቃ ይችላል። ግን ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደተገኘ ታያለሽ። እሱም ሳሎንሽ ውስጥ የተኛ ልጅ ነው፤ ያ እንዳልጠፋብሽ ደብዳቤሽ ላይ ይታያል። ከተቆጣ ወይም ካስፈራራሽ ተነሽና ሂጂ፤ ሰኞን አትጠብቂ።

አክስትሽን “ትሞትብሻለች” የሚለው ቃል ከብዶኛል። የእህቷን ልጅ ይዛ የተነሳች፣ ወርቋን አውልቃ የሸጠች ሴት ናት። አንቺ ታውቂያታለሽ፣ እኔ አላውቃትም። ግን እንደጻፍሽው ከሆነ ደካማ ሰው አትመስለኝም። አሁን በስልክ አትንገሪያት። መንገር ካለበትም መጀመሪያ ልጇ ነው መንገር ያለበት። ከመንደር ወሬ ግን እንዳትሰማ። ሦስት ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር አክስትሽ ጆሮ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። እሱ እምቢ ካለ፣ ለመናገር የምትመርጪው ቀን ያንቺ ይሁን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም “ልጅሽ ሰረቀኝ” ሳይሆን “እቴቴ፣ እኔና እሱ ችግር ገጥሞናል፣ ከኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ” ይሁን።

ከእንግዲህስ ስላልሽው። እኔም እዚህ አገር እንደገባሁ የሶሻል ካርዴን ለዓመታት በቦርሳዬ ይዤ ዞሬአለሁ። አገር ቤት ያለ ቀበሌ መታወቂያ ከቤት አይወጣም፤ ያንኑ ልማድ ይዘን መጣን። ሶሻል ግን መታወቂያ አይደለም። ፎቶ የለውም፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ካርዱ ቤት ይቅር፣ ቤት ውስጥም ቁልፍ ባለው ሳጥን። ያ ፎልደር ከሳህኖቹ በላይ ከካቢኔቱ ይውረድ። ቤታችን ሰው የሚያድርበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ነው፤ እንዲሁም እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። እንግዳ ተቀብሎ ወረቀት መቆለፍ ነውር አይደለም።

ከዚህ የባሰው ቴሌግራምና ቫይበር ላይ ያለው ነው። ፓስፖርት፣ ሶሻል፣ የታክስ ወረቀት ፎቶ አንስተን ለሚሞላልን ሰው እንልካለን፤ ፎቶው በሁለታችንም ስልክ ይቀራል። ስልክሽን ዛሬ ክፈቺና ወደኋላ ሂጂ። ለማን ምን ልከሻል? አጥፊው፤ እነሱም እንዲያጠፉ ጠይቂ። የፖስታ ቤቱ “ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ” የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ የሚመጣልሽን ደብዳቤ ፎቶ በኢሜይል ያሳይሻል። ከሳጥኑ የጠፋ ካለ ታውቂያለሽ። በዚህ ሰሞን “ክሬዲትሽን እናጸዳልሻለን፣ ቀድመሽ ክፈይ” የሚል ስልክ ሊደወልልሽ ይችላል። እስካሁን የነገርኩሽን ፍሪዝ፣ ሪፖርትና ማመልከቻ ሁሉ ያለ ክፍያ ራስሽ ታደርጊዋለሽ።

እንቅልፍ አጥተሽ ሌሊት ሥራ ላይ ባንክሽን እየከፈትሽ የምታዪ ይመስለኛል። ፍሪዙ ካለቀ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ምረጪ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንበል፣ ሪፖርቱን ያን ቀን ብቻ እዪው። በሌላው ቀን የምታዪው ባንክ ብዙም አዲስ ነገር አይነግርሽም።

ነገ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ ከመተኛትሽ በፊት ሦስቱን ፍሪዝ ጨርሺ። ለየአንዳንዳቸው ያወጣሽውን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለባለቤትሽ አሳዪው፤ ከዚያ ያንን ሰማያዊ ፎልደር አብራችሁ አውርዱት። ከአክስትሽ ልጅ ጋር ያወራችሁ ዕለት ደግሞ ጻፊልኝ። ምን እንዳለሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።